ከፒንከርተን እስከ ማርስ፦ ረዥሙ የሳይንስ ጀብዱ ልብ ወለድና አንባቢው

በልብ ወለድ ታሪክ ውስጥ ብዙ ተነብቦ ጥቂት የተከበረ ዘርፍ ቢፈለግ፣ በርካሽ ወረቀት እየታተመና በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እየተቆራረጠ የሚወጣው ረዥሙ የሳይንስ ጀብዱ ልብ ወለድ ሳይሆን አይቀርም። ሐያስያን ንቀውታል፤ መምህራን ከተማሪ እጅ ነጥቀውታል፤ አንባቢው ግን ከትራሱ ሥር ደብቆ አንብቦታል። ይህ ጽሑፍ ሰውን የሚስበው በምን ኃይሉ ነው? ጥያቄውን ብዙዎች አንሥተውታል። እንደ አገር ጉዳይ ቆጥሮ፣ መልሱንም በመንግሥት ማተሚያ ቤት ለመፈተን የተነሣው ግን የ1920ዎቹ የሶቪየት ኅብረተሰብ ነው። ከዚህ በታች የምንመረምረው ያንን ሙከራ ነው። (ሌላ ካልተገለጸ በቀር ዘመናቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የዘርፉ አነሣሥ በአጭሩ የሚነገር ነው። ፈረንሳዊው ዡል ቬርን በ1863 በፊኛ ስለሚደረግ የአፍሪካ ጉዞ የሚተርከውን ልብ ወለዱን ካሳተመ በኋላ፣ አሳታሚው ኤትዜል በ1864 ለወጣቶች ትምህርትና መዝናኛ የሚሆን መጽሔት አቋቁሞ የደራሲውን ሥራዎች በተከታታይ ያወጣ ጀመር። በአሜሪካ ደግሞ ፍራንክ መንሲ የተባለ አሳታሚ በ1896 «አርጎሲ» የተሰኘውን መጽሔቱን ልብ ወለድ ብቻ የሚወጣበት፣ ከእንጨት በተሠራ ሻካራ ወረቀት የሚታተምና በ10 የአሜሪካ ሳንቲም የሚሸጥ አደረገው። ኤድጋር ራይስ በሮውዝ በ1912 በአንድ እንዲህ ያለ መጽሔት ላይ በስድስት ተከታታይ እትሞች የማርስን ጀብዱ አወጣ። ሰውየው በብዙ ሥራ ሞክሮ ያልቀናው፣ መጻፍ ሲጀምርም በእርሳስ መቅረጫ ንግድ ላይ የነበረ የቺካጎ ነዋሪ ነው። የተከፈለው 400 ዶላር ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የጻፈ ሰው አብዷል እንዳይባል «ጤናማ ጭንቅላት» የሚል ትርጉም ያለው የብዕር ስም መርጦ ሳለ፣ በማተሚያ ቤት አንዲት ፊደል ተለውጣ ተራ የሰው ስም ሆኖበት ቀረ።

ወደ ሩሲያ እንመለስ። ከአብዮቱ በፊት፣ በተለይም ከ1907 ወዲህ፣ የሩሲያ ከተሞች «ናት ፒንከርተን» በሚባል አሜሪካዊ ወንጀል መርማሪ ስም በሚታተሙ ቀጫጭን መጻሕፍት ተጥለቅልቀው ነበር። ኮርኔይ ቹኮቭስኪ የተባለው ሐያሲ በ1908 ስለ እነዚሁ መጻሕፍት ባወጣው ጽሑፍ ክፉኛ ነቀፋቸው። ነቀፋው በአንባቢው ላይ ያመጣው ለውጥ አልነበረም። ፋብሪካ ውሎ የመጣውም ሠራተኛ፣ የነጋዴው ተላላኪም፣ ተማሪውም በእነዚሁ መጻሕፍት ላይ ያመሽ ነበር።

በ1919 መጨረሻ መሃይምነትን ለማጥፋት ዐዋጅ በወጣ ጊዜ አንድ አዲስ ጥያቄ ተከተለ። ፊደል የለየው ሰው ምን ያንብብ? ይህን ጥያቄ በአገራችንም ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያስተማሩ ሁሉ ያውቁታል፤ ሰውን ፊደል ከማስቆጠር ይልቅ ያወቀውን ፊደል እንዳይረሳ ማድረግ ይከብዳል። በሩሲያ የቀረቡት የቅስቀሳ ጽሑፎች ብዙ ነበሩ። አንባቢው ግን ከእነርሱ ይልቅ አሮጌዎቹን ፒንከርተኖችና ያን ጊዜ ተተርጉሞ የደረሰውን የበሮውዝን «ታርዛን» ይሻማ ነበር።

በ1922 በወጣቶቹ ማኅበር በኮምሶሞል አምስተኛ ጉባኤ ላይ ኒኮላይ ቡኻሪን ይህንኑ ነገር አንሥቶ፣ ለወጣቱ «ኮሙኒስታዊ ፒንከርተን» ያስፈልገዋል ሲል ጥሪ አቀረበ። በምድር ስር የተካሄደው ትግልና የእርስ በርስ ጦርነቱ ለጀብዱ ታሪክ የሚሆን ብዙ ነገር እያላቸው ለምን ሜዳው ለሌላ ይለቀቃል ነበር ክርክሩ። በስያሜው ውስጥ የተደበቀች አንዲት ቀልድ ሳትጠቀስ አትታለፍም። ስሙ የተወሰደበት የአሜሪካው የፒንከርተን ድርጅት በ1892 በሆምስቴድ የብረታ ብረት ፋብሪካ አድማ ላይ 300 ያህል የታጠቁ ሰዎች ልኮ ከሠራተኞች ጋር የተታኮሰ የአድማ ሰባሪዎች ድርጅት ነበር። የሠራተኛው መደብ ሥነ ጽሑፍ ስሙን ከዚያ ተዋሰ!

ለጥሪው ከተሰጡት መልሶች ሁሉ የላቀው የመጣው ካልታሰበ ሰው ነው። ማሪየታ ሻጊንያን በ1888 ሞስኮ ውስጥ ከአርመን ቤተ ሰብ የተወለደች፣ ከአብዮቱ በፊት በረቂቅ ግጥሞቿ የታወቀች ጸሐፊ ነበረች። «ሜስ ሜንድ» ወይም «ያንኪዎች በፔትሮግራድ» የተባለውን ልብ ወለድ ጽፋ በ1924 በመንግሥት ማተሚያ ቤት ስታሳትም፣ ስሟን ደብቃ «ጂም ዶላር» በሚል የብዕር ስም ቀረበች። መጽሐፉ ስለዚሁ በሕይወት ስላልነበረ አሜሪካዊ ሠራተኛ የሚያወሳ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የፈጠራ የሆነ የሕይወት ታሪክም ነበረው። አንባቢውም ጂም ዶላር ማን ሊሆን እንደሚችል ሲገምት ሰነበተ።

ልብ ወለዱ የወጣው በአሥር ቀጫጭን ክፍሎች ነው። ለየክፍሉ የተለየ ሽፋን የሠራው አሌክሳንደር ሮድቼንኮ ሲሆን፣ ፎቶግራፎችን ቆራርጦ በመቀጣጠል የፊት ገጹን ለአላፊ አግዳሚው የሚጮኽ አድርጎታል። ሠዓሊዎቻችን ይህን ሥራ ለብቻው ቢመረምሩት ይጠቀማሉ። ሽፋኑና ውስጡ አንድ ዘዴ አላቸውና። ሻጊንያንም አንዱን ቁራጭ ከፒንከርተን፣ ሌላውን ከአሜሪካ ሲኒማ፣ ሦስተኛውን ከጋዜጣ ወስዳ ቀጣጥላዋለች። ያላየቻትን አሜሪካ ስትገልጽም እውነት ለማስመሰል ብዙ አልደከመችም። ገጸ ባሕርያቱ ስስ ናቸው፤ የአጋጣሚው ብዛት ትዕግሥት ያስጨርሳል፤ ቋንቋውም ግጥሞቿን ለሚያውቅ ሰው የእርሷ አይመስልም።

ታዲያ ለምን ተወደደ? ታሪኩ የአሜሪካ ባለጠጎች በሶቪየት ሩሲያ ላይ ስለሚያሤሩት ሴራ ነው። ሴራውን የሚያከሽፉት ሠራተኞች ሲሆኑ፣ መሪያቸው ሚክ ቲንግስማስተር ይባላል፤ ትርጉሙም «የዕቃ ጌታ» እንደ ማለት ነው። እነዚህ ሠራተኞች በሚሠሩት ዕቃ ሁሉ ላይ የማትታይ ምልክት ያኖራሉ። የባለጠጋው የብረት በር፣ መቆለፊያው፣ የቤቱ ግድግዳ፣ ሁሉም በሠሪው እጅ ሲነኩ ይከፈታሉ። አንዱ «ሜስ ሜንድ!» ሲል ሌላው «ሜንድ ሜስ!» ብሎ ይመልሳል፤ በሩም ይከፈታል። ጌታው የገዛ ቤቱ ሊደብቀው እንደማይችል አያውቅም።

የዚህን ሐሳብ ብርታት ልብ ይሏል። ሠሪው ከሠራው ዕቃ መለያየቱን ለማስረዳት የምጣኔ ሀብት መምህር ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚፈጅ የሚያስተምሩት ያውቃሉ። እዚህ ግን ትምህርቱ በሩ ራሱ ነው። በሩ ካልተከፈተ ጀግናው ይያዛል፤ ከተከፈተ ያመልጣል፤ አንባቢውም ትንፋሹን ውጦ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። ጀብዱውን ቢያወጡት ሐሳቡ አብሮ ይወጣል። ብዙዎቹ የዘመኑ «ቀይ ፒንከርተኖች» የወደቁት ይህን ባለመረዳት ይመስለኛል። ደራሲዎቻቸው ጀብዱን ለመራራ መድኃኒት እንደሚቀላቀል ማር ቆጠሩት፤ ሦስት ገጽ ሩጫና ተኩስ፣ ከዚያ አንድ ገጽ ንግግር። አንባቢው ደግሞ ማሩን ልሶ መድኃኒቱን የመትፋት ጥበብ አያንሰውም፤ ንግግሩን ዘሎ ወደ ተኩሱ ያልፋል።

ስለ ርዝመቱም አንድ ነገር ማለት ይገባል። ረዥም ልብ ወለድ ለአዲስ አንባቢ ይከብዳል የሚለው አስተሳሰብ ትክክል ይመስላል፤ ሆኖም ግማሽ እውነት ነው። አንድ ቀጭን ክፍል በጥቂት ምሽት ያልቃል፤ የሚያልቀው ግን ጀግናው በወጥመድ ውስጥ ሳለ ነው። ስለዚህ አንባቢው ሁለተኛውን ይፈልጋል፤ ሦስተኛውንም እንደዚሁ። አሥረኛውን ሲዘጋ በአንድ ጥራዝ ቢሰጡት የማይደፍረውን መጽሐፍ ጨርሷል። በየመካከሉ ባሉት ቀናት ደግሞ ታሪኩ በሥራ ቦታ ይነገራል፤ ቀጣዩ ምን ይሆን እየተባለ ይከራከሩበታል። በማታ እሳት ዳር ተረት የሰማ ሁሉ፣ አያቱ «የቀረውን ነገ» ብለው ሲነሡ የተሰማውን ያስታውሳል። ያ ቀን ሙሉ የሚቆይ ጉጉት ራሱ የንባቡ አካል ነው፤ አጭር ልብ ወለድ ይህን ሊሰጥ አይችልም።

ከዚሁ ጋር የሚነጻጸረው የአሌክሴይ ቶልስቶይ «አኤሊታ» ነው። ደራሲው በስደት በርሊን ሳለ የጻፈው ይህ ልብ ወለድ በ1922 እና በ1923 በሞስኮው «ክራስናያ ኖቭ» መጽሔት በተከታታይ ወጣ። በፔትሮግራድ መንገድ ላይ፣ ወደ ማርስ አብሮት የሚበር ሰው የሚፈልግ የአንድ መሐንዲስ ማስታወቂያ ተለጥፎ ይታያል፤ የሚመጡበት ሰዓትና የግቢው አድራሻ ሳይቀር ተጽፏል። ሚስቱን በሞት የተነጠቀው መሐንዲስ ሎስ የሚሄደው ኀዘኑን ሸሽቶ ነው። አብሮት የሚሄደው ወታደሩ ጉሴቭ ደግሞ፣ አራት ሪፑብሊኮች መሥርቻለሁ ብሎ የሚፎክር፣ ጦርነቱ ሲያልቅ ሰላም ያልተስማማው ሰው ነው፤ ማርስንም ከሶቪየት ሩሲያ ጋር ለመቀላቀል ይነሣል። የዘመኑን ወጣት ጉሴቭን ያህል አጥርቶ ያሳየ ገጸ ባሕርይ ብዙ አላውቅም።

በ1924 ያኮቭ ፕሮታዛኖቭ ይህን ታሪክ ወደ ፊልም ሲለውጠው የሆነው ነገር ትምህርት ሰጪ ነው። በፊልሙ የማርስ ጉዞ የመሐንዲሱ ቅዠት ይሆናል። መሐንዲሱም ነቅቶ የሮኬቱን ንድፍ እሳት ውስጥ ይጨምርና ወደ ምድራዊ ሥራው ይመለሳል። ዛሬ ከፊልሙ የሚታወሰው ግን ያ እሳት አይደለም፤ የሚታወሱት አሌክሳንድራ ኤክስተር የነደፈቻቸው የማርስ ሰዎች አልባሳት ናቸው። በ1926 ከ«ሜስ ሜንድ» የተወሰደው ባለ ሦስት ክፍል ፊልም ደግሞ ከመጽሐፉ ጥቂቱን ብቻ ወስዶ ሩጫውን አበዛው። ተመልካች ጎረፈለት፤ ጋዜጦች ግን ምዕራባዊ ጠባይ አለው ብለው ወቀሱት።

ወቀሳው እየከረረ ሄደ። በ1920ዎቹ መጨረሻ ጽኑዎቹ የፕሮሌታርያን ደራስያን ማኅበር ሐያስያን ጀብዱና ቅዠት ወጣቱን ከግንባታው ያዘናጋዋል አሉ። «የጀብዱ ዓለም» የተባለው መጽሔት በ1930 ተዘጋ፤ ሌሎችም ተከተሉ። የሳይንስ ልብ ወለድ ጸሐፊ ስለ ነገው የፋብሪካ መሣሪያ እንጂ ስለ ሩቅ ዓለማት እንዳይጽፍ የሚጠበቅበት ጊዜ መጣ። ሻጊንያንም ፊቷን ወደ ግንባታው አዙራ ስለ አርመን የውሃ ኃይል ማመንጫ ሥራ ረዥም ልብ ወለድ ጻፈች።

በዚያ ዘመን እጅግ የተጎዳው አሌክሳንደር ቤልያየቭ ነው። ይህ ሰው በአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ምክንያት ለዓመታት አልጋ ላይ የዋለ ሲሆን፣ ከአካሉ ተለይቶ ስለሚኖረው ጭንቅላት የሚተርከው ታሪኩ ከዚያ ሕመም እንደመነጨ ራሱ ተናግሯል። እንደ ዓሣ በባሕር ውስጥ መተንፈስ ስለሚችለው ወጣት የጻፈው «የውሃው ሰው» በ1928 በመጽሔት በተከታታይ ወጣ። ቤልያየቭ በ1938 ባወጣው ጽሑፍ የሳይንስ ልብ ወለድን በቤቷ እንደ ገረድ ከምትቆጠረዋ የተረት ልጅ ጋር አነጻጸረ። በ1942 በጀርመኖች በተያዘችው የፑሽኪን ከተማ ሞተ። «የውሃው ሰው» ከ20 ዓመት በኋላ ፊልም ሆኖ ሲታይ ከ60 ሚሊዮን በላይ ተመልካች አገኘ።

በ1957 የአጥንተ ቅሪት ሳይንቲስቱ ኢቫን የፍሬሞቭ «የአንድሮሜዳ ኔቡላ»ን ለወጣቶች በሚዘጋጅ የቴክኒክ መጽሔት በተከታታይ ያወጣ ጀመር። ታሪኩ ገና ወጥቶ ሳያልቅ፣ ጥቅምት 4 ቀን፣ የመጀመሪያዋ ሰው ሠራሽ ሳተላይት ወደ ሰማይ ወጣች። ለሃያ ዓመታት «ስለ ሩቁ አትጻፉ» የተባለው ነገር በአንድ ሌሊት ያረጀ ምክር ሆነ። የፍሬሞቭ ግን በዚያ አላበቃም። በ1960ዎቹ መጨረሻ «የበሬው ሰዓት» የተባለውን ልብ ወለዱን አወጣ። የሩቁ ዘመን ሰዎች ወደ አንዲት ጨቋኝ ፕላኔት ይጓዛሉ፤ አንባቢውም የዚያችን ፕላኔት ገዢዎች ከማን ጋር እንደሚያመሳስል ማንም አልነገረውም። ለአንዳንዶች ግን ምስሉ በጣም ቅርብ ሆኖ ታያቸው። በ1970 የመንግሥት ጸጥታ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ዩሪ አንድሮፖቭ ስለዚሁ መጽሐፍ ለፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ ጻፈ። መጽሐፉም ከሽያጭና ከቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ተነሣ። ደራሲው በ1972 ሞተ፤ ከሞተ አንድ ወር በኋላ የጸጥታ ሰዎች ቤቱን ለብዙ ሰዓታት ፈተሹ። «የበሬው ሰዓት» እንደገና የታተመው በ1988 ነው።