ባለ 20 ዶላሯ ኢርፎን እና በገናው

ኤርነስት መርካዲዬ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ በ1891 አሜሪካ ውስጥ አንድ የፈጠራ መብት አስመዘገበ (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ነገርየው የስልክ መስሚያ ነው። ግን በእጅ ተይዞ ጆሮ ላይ የሚደገፈው ትልቁ ሳይሆን፣ ጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ጥንድ መስሚያ። ክብደቱ 50 ግራም እንኳ አይሞላም። ጫፉ ጆሮን እንዳይልጥ የጎማ ሽፋን ተደርጎለታል። ሥዕሉን መጀመሪያ ሳየው ሳቄ መጣ፤ ጠረጴዛዬ ላይ ካለችው ኢርፎን ጋር ወንድምና እህት ነው የሚመስሉት።

የኔዋ ባለገመድ ናት። ሼንዘንና አካባቢዋ ተመርተው 20 ዶላር ገደማ ከሚሸጡት አንዷ። ስሟን አልጽፍም፤ እነዚህ ሞዴሎች ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየሩ እናንተ ልትገዙ ስትሄዱ እሷ ላትኖር ትችላለች። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ በቀን ስድስት ሰባት ሰዓት ጆሮዬ ውስጥ ትውላለች። ሦስት ወር ያህል መዘንኳት። "ጥሩ ናት ወይ?" የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ ግን ከየት እንደመጣች ማወቅ ያስፈልጋል። ርካሽ ኢርፎን በቃ መጥፎ የነበረበት ዘመን ነበር። ለምን መጥፎ እንደነበረና ምን እንደተለወጠ ካላወቅን፣ መርካቶ ላይ "ኦሪጅናል ነው" ባለን ሰው እጅ ላይ ነን።

ገንዘቡም ቀላል አይደለም። 2024 ክረምት ላይ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቀው፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከ1,200 ብር በታች የነበረችው ዕቃ ከ2,000 በላይ ሆነች ማለት ነው፤ ማስመጫው ሳይጨመር። ውጭ አገር ያሉ ገምጋሚዎች "ለዚህ ዋጋ ምን ትጠብቃለህ?" ብለው የሚያልፉት ነገር እዚህ የወር በጀት ላይ የሚመዘን ነው።

ከገመዱ ጫፍ ልጀምር። ጃክ የምንለው መሰኪያ ለሙዚቃ ተብሎ አልተሠራም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የስልክ ማዞሪያ ቤት ሠራተኞች አንዱን ደንበኛ ከሌላው ጋር የሚያገናኙት ገመድ እየነቀሉና እየሰኩ ነበር። የዚያ መሰኪያ ውፍረት 6.35 ሚሊሜትር ነው፤ ዛሬም ጊታር ላይ ታገኙታላችሁ። ትራንዚስተር ሬዲዮ ሲመጣ ደግሞ 3.5 ሚሊሜትሩ ትንሹ ወንድሙ ተስፋፋ። መርካዲዬም መስሚያውን ያሰበው ቀኑን ሙሉ ጭንቅላታቸው ላይ አድርገውት ለሚሠሩ የስልክ ሠራተኞች ነው። ስለዚህ የገመዷ ሁለቱም ጫፎች፣ ጃኩም ጆሮ ውስጥ የሚገባውም፣ ከስልክ ቤት የወጡ ናቸው። ያኔ የሚፈለገው ቃሉ መሰማቱ ብቻ ነበር፤ ስለ ድምፁ ውበት የሚጨነቅ አልነበረም። በ1910 ገደማ ናትናኤል ባልድዊን የሚባል የዩታ ሰው ቤቱ ኩሽና ውስጥ ሠርቶ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የሸጠው ሄድፎንም እንደዚያው ነበር፤ የሬዲዮ ሠራተኛው ደካማውን ምልክት ከጫጫታ መለየት ከቻለ ይበቃል።

ሙዚቃ ዘግይቶ ነው የመጣው። ጆን ኮስ በ1958 የስቴሪዮ ሄድፎን ይዞ ብቅ ሲል እንኳ ዕቃው ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ለሚያዳምጥ ሰው ነበር። መንገድ ላይ ያወጣው የሶኒ ዎክማን ነው፤ 1979፣ በ33,000 የን። የመጀመሪያው ሞዴል ሁለት ሰው አብሮ እንዲሰማ ሁለት የጃክ ቀዳዳ ነበረው። ሰው ስለ ካሴት ማጫወቻው ብዙ ያወራል፤ ለኔ ግን ትልቁ ነገር አብሮት የመጣው ሄድፎን ነው። በዚያ ዘመን በመቶዎች ግራም የሚመዝነው ነገር 50 ግራም አካባቢ ሆነ። እኛም አገር ዎክማን የሚለው ስም የማንኛውም ኩባንያ ትንሽ ካሴት ማጫወቻ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የመጡት፣ ጆሮ ደጃፍ ላይ የሚንጠለጠሉት ትንንሾቹ መስሚያዎች ናቸው፤ በ2001 አይፖድ ነጭ አድርጎ ዓለም ሁሉ ያወቃቸው ዓይነት። ርካሽ ኢርፎን ለረጅም ጊዜ መጥፎ ስም የያዘው በነዚህ ይመስለኛል። ደጃፍ ላይ ስለሚቀመጡ የጆሮውን ቀዳዳ አይዘጉም። ካልተዘጋ ደግሞ ወፍራሙ ድምፅ፣ ቤዙ፣ በክፍተቱ ያመልጣል። ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣችሁ የሞተሩ ጩኸት ሲገባ ምን ታደርጋላችሁ? ድምፁን ትጨምራላችሁ። ቤዙ አሁንም የለም፤ የተጨመረው ቀጭኑ፣ ጆሮ የሚወጋው ክፍል ነው።

መፍትሔው የመጣው ከሙዚቃ ሰዎች ሳይሆን ከጆሮ ሰዎች ነው። ሚድ ኪሊየን ለመስሚያ መርጃ መሣሪያ ክፍሎችን የሚሠራው ኖውልስ የተባለ ኩባንያ ውስጥ የሠራ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። በ1983 ኤቲሞቲክ ሪሰርች የተባለ የራሱን ኩባንያ ከፈተ፤ በ1991 ኢአር-4 የተባለችውን ኢርፎን ለገበያ አወጣ። ጠልቃ ትገባለች፣ ቀዳዳውን ትዘጋለች፣ የውጭ ጫጫታ ትቀንሳለች። ዋጋዋ በመቶዎች ዶላር ነበር።

እዚህ ጋ ትንሽ ፊዚክስ ታገሡኝ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። የጆሯችን ቦይ 2.5 ሴንቲሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ አንድ ጫፉ ክፍት ሌላው ጫፉ በታምቡር የተዘጋ ቱቦ ነው። እንዲህ ያለ ቱቦ ልክ እንደ ዋሽንት የራሱ ድምፅ አለው፤ ርዝመቱን ይዛችሁ ብታሰሉት 3,000 ሄርትዝ አካባቢ ይወድቃል። ማለትም ከተወለድንበት ቀን ጀምሮ የሰማነው ድምፅ ሁሉ፣ የእናታችን ጥሪ ጭምር፣ በዚያ አካባቢ ጎላ ብሎ ነው የደረሰን። አእምሯችን ያንን "ትክክለኛ" ብሎ ይዞታል። ኢርፎን አስገብታችሁ ቦዩን ስትደፍኑት ግን ቱቦው ሌላ ቱቦ ይሆናል፣ ያ ጉላት ከቦታው ይነሣል። ስለዚህ ኢርፎኗ የወሰደችውን መመለስ አለባት፤ 3,000 አካባቢ ሆን ብላ ከፍ ማለት አለባት። በመለኪያ ሲታይ ቀጥ ያለ መስመር የምታወጣ ኢርፎን ብትሠሩ፣ ዘፋኙ ከብርድ ልብስ ሥር የሚዘፍን ይመስላችኋል።

ከፍታው ስንት ይሁን የሚለው በግምት ሲሠራበት ኖሯል። ርካሽ ፋብሪካዎች የመገመቻ ገንዘብም አልነበራቸውም፤ ቤዙን ከፍ፣ ቀጭኑን ከፍ አድርገው መሐሉን ይተዉታል። ሱቅ ውስጥ ለ30 ሰከንድ ሲሞከር "ዋው" ያሰኛል። ሾን ኦሊቭና ቶድ ዌልቲ ሃርማን ውስጥ ሆነው ከ2013 ጀምሮ ያደረጉት ነገር ቀላል ይመስላል፦ ሰዎችን አስቀምጠው፣ የሚሰሙት የየትኛው ብራንድ እንደሆነ ሳይነግሩ፣ የትኛው የድምፅ ሚዛን እንደሚሻላቸው ጠየቁ። ውጤቱን አሳተሙት። በቃ፣ ግምቱ የሚታይ ኩርባ ሆነ፤ ማንም ፋብሪካ አንብቦ ሊከተለው የሚችል ኩርባ።

በ2017 የሮን ብሬባርት የተባለ ተመራማሪ 283 ሄድፎንና ኢርፎን ለክቶ በድምፅ ሚዛናቸውና በዋጋቸው መካከል ግንኙነት እንዳላገኘ ጻፈ። ጥያቄው ስለ ሚዛን ብቻ ነው፤ ስለ ጥንካሬ ወይም ስለ ምቾት አይደለም። ቢሆንም ለኔ ከባድ ዜና ነበር። ውድ መግዛት አለመቻል ማለት መጥፎ መስማት ማለት አይደለም፤ ዋናው የሚለካ ሰው መኖሩ ነው። በ2022 ሙንድሮፕ ቹ እና ሰቨን ኸርትዝ ሳልኖትስ ዜሮ 20 ዶላር አካባቢ ሆነው ሲወጡ፣ የድምፅ ነገር የሚከታተለው ሰው በውድ ዕቃ መመዘኛ መዘናቸው። የኔዋም የዚያ ትውልድ ናት፤ ውስጧ 10 ሚሊሜትር ስፋት ያላት አንዲት ዲያፍራም፣ ጥቅልል ሽቦና ማግኔት ብቻ ነው ያለው።

አሁን ወደ ምዘናው። ገምጋሚዎች የሚመርጧቸው ዘፈኖች የምዕራቡ ናቸው። የሃርማን ሰዎች የአገር ልዩነት ለማየት ባደረጉት ሙከራ የተሳተፉት አድማጮችም ከአሜሪካ፣ ከካናዳ፣ ከጀርመንና ከቻይና ነበሩ። እኛ እዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ የለንም። ስለዚህ በራሳችን ድምፅ መመዘን ግድ ይላል፤ እኔ የመረጥኩት በገና ነው።

በገና 10 አውታር አለው። በአውታሩና በብርኩማው መካከል እንዝራ የምትባል ትንሽ ቆዳ ትገባለች፤ ያ የሚነዝረው፣ የሚያጉረመርመው ድምፅ ከእሷ ነው። እንደ ኢንጂነር ሳየው በጣም ተንኮለኛ ፈተና ነው፦ ሥሩ ወፍራምና ዝቅ ያለ፣ ላዩ ግን በንዝረት የተሞላ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ እንደ ጸሎት ዝግ ብሎ የሚናገር የሰው ድምፅ። ሦስቱም በአንድ ጊዜ። ቤዝና ቀጭን ብቻ በተጋነነበት ኢርፎን ስሰማው ንዝረቱ የተበላሸ ስፒከር ይመስላል፣ ድምፃዊው ወደ ኋላ ይሸሻል። የአለሙ አጋን ቅጂ፣ በኢትዮጲክስ ተከታታይ 11ኛው ቅጽ የወጣውን፣ በዚች ስከፍተው ግን ንዝረቱ አውታሩ ላይ ቆየ። ቃሉ ይሰማል። ጣቱ አውታሩን ሲለቅ ይሰማል። 16ኛው ቅጽ ላይ ያለው የአስናቀች ወርቁ ክራርም እንዲሁ ጥርት ያለ ነው፤ ቅጂው ላይ ያለውን ማስተካከል ግን የኢርፎን ሥራ አይደለም፣ ያረጀ ቅጂ ያረጀ ቅጂ ነው።

የምትወድቅበትም አለ። ብዙ መሣሪያ አንድ ላይ ሲገባ፣ ማለትም እንደ ማህሙድ አህመድ የ1975ቱ "ኧረ መላ መላ" ኦርጋኑም ነፋሾቹም ቤዝ ጊታሩም ሲደራረቡ፣ ትንሽ ትጠባለች፤ መሣሪያዎቹ ተጠጋግተው ይቆማሉ። ማይኳም ለስብሰባ እንጂ ለፖድካስት አትሆንም። አብረዋት የመጡት ሦስት መጠን ጎማዎች ውስጥ ለኔ የሆነው ትንሹ ነው፣ እሱም ለግራ ጆሮዬ ብቻ፤ ለቀኙ መካከለኛውን አድርጌያለሁ። ይህን አትናቁት። ጎማው ካልገጠመ ኩርባ ምናምን የሚባለው ሁሉ ዋጋ የለውም፤ ቤዙ እንደ ድሮው ያመልጣል።

ስለ ገመድ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው፤ "በ2026 ገመድ?" ዓይነት። አፕል በ2016 ጃኩን ከአይፎን ሲያወጣ ብዙዎቹ ተከተሉት፤ አሁን ስልኬ ላይ ትንሽ የዩኤስቢ ሲ መቀየሪያ ሰክቼ ነው የምጠቀመው። ግን በ20 ዶላር ሽቦ አልባ ስትገዙ ገንዘቡ ለባትሪ፣ ለብሉቱዝ ቺፕና ለመያዣ ሳጥኑ ይከፋፈላል። ባለገመዷ ላይ የሚከፈልበት ሌላ ነገር የለም፣ ድምፁ ብቻ። መብራት ሲጠፋም ቻርጅ አልጠይቅም።

ሦስት ወር ሙሉ የተከታተልኩት ሌላው ነገር የድምፅ መጠኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ልክ በሳምንት 80 ዴሲቤል ለ40 ሰዓት ነው፤ 90 ከደረሰ ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። በሳምንት 4 ሰዓት! እኔ በሥራ ቀናት ብቻ 30 ሰዓት አልፋለሁ፤ ማለትም ጆሮዬ የሚተርፈው ዝቅ አድርጌ መስማት ከቻልኩ ብቻ ነው። ድሮ በነበረኝ፣ ደጃፍ ላይ በሚቀመጠው መስሚያ ከመገናኛ ቦሌ ስሄድ የስልኬን ድምፅ ከሦስት አራተኛው በላይ አደርስ ነበር። በዚች ግማሽ አይሞላም፤ ቀዳዳውን ስለምትዘጋ ሚኒባሱ ራሱ ይቀንሳል። የሁለቱ የጩኸት መጠን አንድ ባለመሆኑ ይህ ልኬት አይባልም፣ ግን ማታ ጆሮዬ ላይ የነበረው ሽውታ ቀርቷል። ለዚች ኢርፎን ከምሰጣት ነጥብ ትልቁ ይህ ነው፤ ከበገናውም ይበልጣል። መንገድ ስሻገር ግን አንዱን ጆሮ አወጣለሁ፤ የመኪና ጡሩምባም አብሮ ነው የሚቀንሰው።

መጀመሪያ የሞተው የሚጠበቀው ቦታ ነው፦ ገመዱ፣ ጃኩ ሥር፣ ሁለተኛው ወር ላይ። ቀኝ ጆሮ መጣ ሄደ፣ ከዚያ ሄደ። ደግነቱ ገመዷ ከመስሚያው ይነቀላል፤ ሁለት ቀጫጭን መርፌ ያለው መሰኪያ ነው፣ ብዙ ፋብሪካዎች በአንድ መጠን ይሠሩታል። የሥራ ባልደረባዬ መሳቢያው ውስጥ የተረፈ አንድ ነበረው። አሁን የያዘችው ገመድ የሌላ ኩባንያ ነው፤ ቀለሙ አይሄድላትም፣ ግን በደንብ ገጥሟል።