ሳጥን በሳጥን ውስጥ፦ ከጎተራ ኮንዶሚኒየም እስከ ሙቀት ሞዴል

ጎተራ ስሙን ያገኘው ከእህል ማከማቻ ነው። ዛሬ እዛ የሚወርድ ሰው ግን ቀድሞ የሚያየው ማሳለጫውንና ኮንዶሚኒየሙን ነው። እኔ የማወራውም ስለ ኮንዶሚኒየሙ ነው፤ አንዱን ብሎክ ያየ ሌላውን አየ ማለት ነውና።

ይሄ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ የተጀመረው የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ወጪ ለመቆጠብ ጥቂት የቤት ዓይነቶችን መረጠ፦ ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት መኝታ። ግድግዳው ብሎኬት፣ ሶሌታው ቀድመው በተመረቱ ቢሞች የሚሠራ። ክፍሎች ቤት ይሆናሉ፣ ቤቶች ወለል፣ ወለሎች ብሎክ፣ ብሎኮች ደግሞ ሳይት። እንጀራ መጋገር፣ ልብስ ማጠብና በግ ማረድ ለብቻው በተሠራ የጋራ ሕንፃ እንዲሆን ታሰበ። ምጣዱ ከየቤቱ ወጥቶ አንድ ቦታ ተሰበሰበ ማለት ነው።

የሕንፃ ሙቀት በኮምፒውተር የሚያሰላ ሰው የሚሠራውም ይህንኑ ነው። አንድ ክፍል በጥንቃቄ ይጽፋል፣ ሳጥን ውስጥ ይከተዋል፣ ሳጥኑን ሌላ ሳጥን ውስጥ እየከተተ መቶ ጊዜ ይጠቀምበታል። ቀላል ይመስላል፤ እዚህ ለመድረስ ግን ሠላሳ ዓመት ገደማ ወስዷል።

ነገሩ የሚጀምረው ከሙቀት ሳይሆን ከወረቀት ነው። ካምብሪጅ ውስጥ ኤድሳክ የተባለው ኮምፒውተር በ1949 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ሲጀምር፣ ዴቪድ ዊለርና ባልደረቦቹ ደጋግመው የሚፈልጓቸውን ስሌቶች በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ አዘጋጅተው ያስቀምጡ ነበር። ፈላጊው ጥብጣቡን ወስዶ ከራሱ ፕሮግራም ጋር ይገለብጠዋል። በ1951 (እ.ኤ.አ.) ከዊልክስና ከጊል ጋር ያሳተሙት መጽሐፍ ይህንን አሠራር ለዓለም አስተዋወቀ።

ሙቀት ላይ ግን ዘዴው ወዲያው አልሠራም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለጠፈር መንኮራኩሮች የተሠሩት የሙቀት ማስያ ፕሮግራሞች መንኮራኩሩን በቁጥር በተሰየሙ ነጥቦች ይከፋፍሉት ነበር። አንዱ ድርጅት ሞተሩን፣ ሌላው ታንኩን ሠርቶ ሲያመጣ ሁለቱም ነጥብ ቁጥር 10 አላቸው። እንግዲህ አንዱ ቁጥሮቹን ሁሉ መቀየር አለበት። (በአንድ ግቢ ሁለት «ቤት ቁጥር 10» ሲኖር ፖስተኛው ምን እንደሚሆን አስቡት።) መፍትሔው ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ ስም መስጠት ነበር።

በ1975 (እ.ኤ.አ.) የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የሶላር ኢነርጂ ላቦራቶሪ ትራንሲስን ለሕዝብ አቀረበ። እዚህ ላይ ፓምፕ፣ ታንክና የፀሐይ ሰሌዳ እያንዳንዳቸው የተዘጋጀ ሳጥን ናቸው፤ የአንዱ ውጤት የሌላው ግብዓት ይሆናል። በጣም ጠቃሚ ነው፣ ግን ግብዓትና ውጤቱ አስቀድሞ የተቆረጠ ነው። ግድግዳ ግን ቀን ሙቀት ይቀበላል፣ ማታ ይሰጣል። ግብዓት ነው ወይስ ውጤት?

ለእኔ ትልቁ እርምጃ የመጣው ከስዊድን ነው። ሂልዲንግ ኤልምክቪስት በ1978 (እ.ኤ.አ.) በሉንድ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ዳይሞላ የሚባል የሞዴል ቋንቋ ነደፈ። ሐሳቡ ይሄ ነው፦ ሳጥኑ ውስጥ ትእዛዝ አትጻፍ፣ እኩልታ ጻፍ። ሁለት ሳጥኖች ሲገናኙ መገናኛው ላይ ሙቀታቸው እኩል ነው፣ የሚፈሰው የሙቀት መጠን ድምር ደግሞ ዜሮ ነው። ማን ለማን እንደሚሰጥ ኮምፒውተሩ ራሱ ይፈልገው። ይህ ሕግ ከክፍል እስከ ሳይት ስለማይቀየር ሳጥን በሳጥን መክተት የምር የተቻለው በዚህ ነው። በ1997 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሞዴሊካም ይህንኑ መንገድ ተከተለ።

ታዲያ ሁሉም ነገር አለቀ? አላለቀም። እኔ የአንድ ኮንዶሚኒየም ሞዴል ስሠራ ከተዘጋጀ ላይብረሪ የአየር ማናፈሻ ሳጥን ወሰድኩ። አራት ሳጥን ወደ ውስጥ ገብቶ የተቀበረ አንድ ቁጥር ነበረው፦ የአየር ግፊት፣ 101.3 ኪሎፓስካል። ይሄ የባሕር ጠለል ግፊት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ግፊቱ 77 ኪሎፓስካል ገደማ፣ ውኃም የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ በመስኮት የሚወጣውን ሙቀት ሞዴሉ 30 በመቶ ያህል አጋንኖ ሲነግረኝ ከረመ። ስህተቱ በአንድ ክፍል ቢሆን ኖሮ እሺ፤ ሳጥኑ ግን ስንት ጊዜ እንደተባዛ ነግሬያችኋለሁ።

ፀሐይም እንዲሁ። ዊስኮንሲን ውስጥ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። እኛ በ9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆንን ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ በሰሜን በኩል ታልፋለች። ጎተራም ሆነ ሌላ ሳይት፣ ያው ብሎክ ዞሮ ሲቆም የሚሞቀው መስኮት ሌላ ነው።

ሞዴሊካ ለዚህ መላ አለው፦ የውስጡ ሳጥን የአካባቢውን ሁኔታ ከውጭኛው እንዲጠይቅ ማድረግ ይቻላል። አሁን ከፍታውንና ኬክሮሱን የማስገባው ላይኛው ሳጥን ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ብሎክ ደግሞ የራሱን አቅጣጫ ይጠይቀኛል። ያልወሰንኩት ምጣዱን ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። በፕላኑ መሠረት ቦታው የጋራ ሕንፃው ነው፤ ብዙ ሰው ግን የሚጋግረው እቤቱ ነው።