ከፊደል የቀደመ ኅዳግ

ቁም ጸሐፊ ብርዕ ከመጨበጡ በፊት ወስፌ ይጨብጣል። ፍቆና አለስልሶ ባዘጋጀው ብራና ጠርዝ ላይ ተርታውን ጥቃቅን ቀዳዳ ይወጋል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ደግሞ ቀለም ባልነካው ዱልዱም ጫፍ መስመሩን ይጭራል። ቁሙ ጭረት ዐምዱን ያጥራል፤ አግድሙ ፊደሉ የሚሰለፍበትን ያሳያል። ጭረቱ ያልደረሰበት ሁሉ ኅዳግ ነው። የድሮ ብራና ገልጦ ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጎ ለሚያይ ሰው ቀዳዳውም ጭረቱም ዛሬ ድረስ ይታያል።

300 ገጽ የመመረቂያ ጽሑፍ ጨርሶ ሊያሳትም ሲል «የግራው ኅዳግ አንሷል» የተባለ የዘመናችን ተማሪ የሚሠራው የዚህን ተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ይጽፋል፤ ኅዳጉ ትዝ የሚለው መጨረሻ ላይ ነው። አንዲት ቁጥር ለውጦ «እሺ» ሲል 300ው ገጽ ባንዴ ይንሸራተታል። ሠንጠረዡ ለሁለት ይከፈላል፣ ርእሱ ከገጹ ግርጌ ብቻውን ይንጠለጠላል፣ ማውጫው የሚለውና መጽሐፉ የሚለው ገጽ ይለያያል። መጀመሪያ ይደረግ የነበረው ውሳኔ እንዴት የመጨረሻው ሆነ?

ብራና ላይ ሐሳብ መለወጥ ቆዳ ያስከፍላል። ስለዚህ ጸሐፊው ምን እንደሚጽፍ አስቀድሞ አውቆ ነው የሚያሰምረው። ዳዊትን እንይ። መዝሙሩ በአንድ ዐምድ፣ አንዱ ስንኝ በአንድ መስመር ይጻፋል። ስንኙ ረዝሞ መስመሩ አልበቃ ሲል ጸሐፊው ኅዳጉን ጥሶ አይወጣም፤ የተረፉትን ጥቂት ፊደላት ከመስመሩ ጫፍ በላይ ወይም በታች ባለው ክፍተት ይሸጉጣቸዋል። በዚያው ጥራዝ ውስጥ ውዳሴ ማርያም ላይ ሲደርስ ግን ገጹ በሁለት ዐምድ ይከፈላል፤ ያ ክፍል በሌላ ልክ ተሰምሯል ማለት ነው። አንድ መጽሐፍ፣ ሁለት አቀማመጥ። ይህ ነገር ኮምፒዩተሩ ጋ ስንደርስ ተመልሶ ይመጣል።

ኅዳጉም ባዶውን አይቀመጥም ነበር። የቂሳርያው አውሳብዮስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አራቱን ወንጌላት ለማስተያየት የተጠቀመበት የክፍል ቁጥር በግዕዝ ወንጌሎች ኅዳግ ላይ ይጻፋል። አንባቢው ቁጥሩን ይዞ መጽሐፉ መግቢያ ላይ ወዳለው ሠንጠረዥ ይሄድና ያው ታሪክ በሌሎቹ ወንጌላት የት እንደሚገኝ ያያል። በዐድዋ አቅራቢያ የሚገኙት የአባ ገሪማ ወንጌሎች፣ ብራናቸው በራዲዮካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የሚወድቀው፣ የታወቁት በነዚህ ባጌጡ ሠንጠረዦች ጭምር ነው። ከቁጥሩ ሌላ የርስቱ፣ የጉልቱ፣ የስጦታው ውል ሁሉ በወንጌሉ ባዶ ቅጠልና በኅዳጉ ላይ ይሰፍር ነበር። ወንጌል ላይ የተጻፈ መሬት ማን ደፍሮ ይክደዋል? የታሪክ ተመራማሪዎች ስለ መካከለኛው ዘመን መሬት ይዞታ ከሚያውቁት ብዙው የተገኘው ከዚሁ ነው። ዛሬ ኅዳግ አጥብቦ ወረቀት መቆጠብ ብልህነት ይመስለናል፤ እነዚያ ጸሐፍት ቆዳው ስንት ፍየል እንደፈጀ እያወቁ የግርጌውንና የውጭውን ኅዳግ አስፍተው ተዉት። የብዙ ብራናዎች የታችኛው ጥግ ጠቁሮ የሚታየው አንባቢ ሁሉ በጣቱ የያዘው በዚያ ስለሆነ ነው።

የማተሚያ መኪና ሲመጣም ኅዳግ ቀዳሚ ውሳኔ እንደሆነ ቀጠለ። ጉተንበርግ በማይንትዝ ከተማ በ1455 ገደማ (እዚህም ከዚህ በኋላም ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያወጣው የላቲን መጽሐፍ ቅዱስ «ባለ 42 መስመሩ» ይባላል፤ የመጀመሪያዎቹ ገጾቹ ግን 42 መስመር የላቸውም። ከገጽ 1 እስከ 9 ያሉት 40 መስመር፣ 10ኛው 41፣ ከዚያ በኋላ ነው 42 የሚሆነው። ሥራው ከተጀመረ በኋላ ወረቀትና ብራና ለመቆጠብ የታሰበ ይመስላል። የሚደንቀው ዘዴው ነው፤ ኅዳጉን አልነኩትም። በመስመርና በመስመር መካከል ያለውን ቦታ አጥብበው፣ በዚያው የጽሑፍ ክልል ውስጥ ሁለት መስመር ጨመሩ። ገጾቹን ጎን ለጎን አድርጎ የሚያይ ሰው ካልቆጠረ በቀር ልዩነቱን አያስተውልም። ረጅም ሰነድ መሐል ላይ ሐሳብ ለለወጠ ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላየሁም፤ ገጽ ለማሳጠር የፈለገ ኅዳጉን ትቶ መጀመሪያ የመስመር ርቀቱን ይንካ።

በማተሚያ ቤት ኅዳግ የሚታይ፣ የሚዳሰስ ነገር ነበር። የተለቀሙት የእርሳስ ፊደላት በብረት ክፈፍ ውስጥ ሲታሰሩ በገጽና በገጽ መካከል የእንጨት ቁራጭ ይገባል፤ ያ እንጨት ነው ታትሞ ሲወጣ ነጭ ሆኖ የሚቀረው። ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግዕዝ የተማረው ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን በ1513 ሮም ላይ ያሳተመው ዳዊት፣ የመጀመሪያው የግዕዝ የኅትመት መጽሐፍ፣ ኅዳጉን ያገኘው በዚሁ መንገድ ነው።

የመጽሐፍ ንድፍ ሊቁ ያን ቺሾልት ደግሞ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የመካከለኛውን ዘመን የእጅ ጽሑፎች እየለካ አንድ ሥርዓት አወጣ። ወርዱና ቁመቱ 2 ለ 3 በሆነ ገጽ ላይ ውስጠኛው፣ የራስጌው፣ የውጭውና የግርጌው ኅዳግ እንደ 2፣ 3፣ 4 እና 6 ይሆናሉ። ውበቱ አያጠያይቅም። ሒሳቡን ስናሰላው ግን ጽሑፉ የሚይዘው ከገጹ 44 በመቶውን ገደማ ብቻ ነው። በየአቅጣጫው 2.54 ሴንቲሜትር ኅዳግ ያለው ኤ4 ወረቀት 63 በመቶ ያህሉን ለጽሑፍ ይሰጣል። የቺሾልትን ልክ ይዞ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያሳትም ካለ ኪሱ ደኅና ነው ማለት ነው።

የጽሕፈት መኪና ኅዳጉን ከማተሚያ ቤት አውጥቶ ለቢሮው ታይፒስት ሰጠ። ከግራና ከቀኝ የሚንሸራተቱ ሁለት ማቆሚያዎች አሉት፤ የቀኙ ሊደርስ ጥቂት ፊደል ሲቀረው ቃጭሉ ያቃጭላል፤ ታይፒስቷ ቃሉን ጨርሳ መስመር ትወርዳለች። ኅዳጉ እንደ ድሮው ከጽሑፉ ይቀድማል፤ 40ኛው ገጽ ላይ ለውጡ የሚል አለቃ ከመጣ እንደገና ከአንድ ይጀመራል።

ነገሩ የተገለበጠው በ1960ዎቹ ነው። በ1964 የኤምአይቲው ጀሮም ሳልትዘር ራንኦፍ የተባለ ፕሮግራም ጻፈ። ጽሑፉ ለብቻው ይቀመጣል፤ አቀማመጡ በነጥብ በሚጀምሩ አጫጭር ትእዛዞች ይነገረዋል፤ ገጹ የሚሠራው ሲታተም ነው። ትእዛዙን መለወጥ ጽሑፉን መድገም አይጠይቅም። በ1978 የወጣው የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ዎርድስታርም የነጥብ ትእዛዝን ይዞ ቀጠለ። በ1974 ዜሮክስ ፓርክ በተባለው የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ውስጥ በትለር ላምፕሰንና ቻርልስ ሲሞኒ የሠሩት ብራቮ የተባለ ፕሮግራም ደግሞ ገጹን ሊታተም እንዳለው አድርጎ በስክሪኑ ላይ አሳየ። ሲሞኒ በኋላ ማይክሮሶፍት ገባ፤ ዎርድ በ1983 ለገበያ ቀረበ።

የዳዊቱና የውዳሴ ማርያሙ ጉዳይ ተመልሶ የመጣው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ሰነድ ውስጥ ሁለት ዓይነት ገጽ እንዴት ይኖራል? ዎርድፐርፌክት የተባለው ሌላው የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ኅዳጉን እንደ ምልክት ጽሑፉ መሐል ይተክለው ነበር፤ ምልክቱ ከተተከለበት ቦታ ጀምሮ ወደፊት ይገዛል። ዎርድ ግን ሰነዱን በክፍል ይከፋፍላል፤ የእያንዳንዱ ክፍል ኅዳግ፣ የወረቀት ልክና አቅጣጫ የሚቀመጠው በክፍሉ መጨረሻ ባለው መለያ ውስጥ ነው። ወደ ኋላ ይገዛል ማለት ነው። የብዙ ሰው እንቅልፍ የሚታጣው በዚህ ነው። ምዕራፍ ሦስት ቁመቱን የቆመ ነው፤ ቀጥሎ ሰፊ ሠንጠረዥ ያለበት፣ በወርዱ የተጋደመ ገጽ አለ። ተማሪው በመሐላቸው ያለችውን ባለ ነጠብጣብ መስመር «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት» ብሎ ሲሰርዛት፣ ሠንጠረዡ ሳይሆን ምዕራፍ ሦስት በሙሉ ይጋደማል። መለያዋ ስትጠፋ ከፊቷ የነበረው ጽሑፍ የሚቀጥለውን ክፍል ልክ ይወርሳልና። መፍትሔው ሰነዱን ማስተካከል አይደለም፤ ወዲያው የተሰረዘውን መመለስ ነው። ከዚያ የተደበቁ ምልክቶችን አሳይ የሚለውን ከፍቶ መለያዎቹ የት የት እንዳሉ ማየት።

ዎርድ ራሱ ሳይጠየቅ የሚሰጠው የግራና የቀኝ ኅዳግ እስከ 2003ቱ እትም ድረስ 1.25 ኢንች ነበር፤ በ2007 ወደ 1 ኢንች ወረደ። በድሮው ልክ ተጀምሮ በአዲሱ ናሙና ላይ የተለጠፈ ሰነድ ገጹ ያለ ምክንያት ያነሰ የሚመስለው ለዚህ ነው። ወረቀቱም አለ። ዋሽንግተን ያለ ዘመድ በአሜሪካው ሌተር ልክ የጻፈው መጽሐፍ አዲስ አበባ ላይ በኤ4 ሲታተም ወረቀቱ በ6 ሚሊሜትር ያህል ጠቦ በ18 ይረዝማል፤ ማውጫው እንደገና ካልተሠራ በቀር አይታመንም።

የቀረው ጥረዛው ነው። የብራና ጥራዝ እጥፋቱ ላይ ተሰፍቶ ስለሚያያዝ እስከ ስፌቱ ይከፈታል፤ ውስጠኛው ኅዳግ ቢጠብም ፊደል አይዋጥም። በጎን ተቀጥቅጦ በሙጫ የሚጠረዝ 300 ገጽ ግን እንዲያ አይከፈትም። ፕሮግራሙ ለዚህ ብሎ ለጥረዛ የሚተው ተጨማሪ ቦታ አለው፤ በሁለቱም ገጽ ለሚታተም ሰነድ ደግሞ ግራና ቀኙ እንደ መስተዋት እንዲገለባበጡ ማዘዝ ያስፈልጋል፤ አለዚያ በየወረቀቱ ጀርባ ሰፊው ኅዳግ ወደ ውጭ፣ ጠባቡ ወደ ሙጫው ይዞራል። ስንት ሚሊሜትር እንደሚተው ጠራዡ ያውቃል፤ እሱን መጠየቅ ያለበት ሰው የመጀመሪያው ገጽ ከመጻፉ በፊት ቢሄድ ይሻለዋል።