የላፕቶፕ ዕድሜ

የላፕቶፕ ዕድሜ አንድ ላፕቶፕ ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ እስኪበላሽ ወይም ለተፈለገው ሥራ ብቁ መሆኑ ቀርቶ እስኪተካ ድረስ ያለው ጊዜ ነው። በተለምዶ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይገመታል፤ በጥሩ ሁኔታ የተያዙና ክፍሎቻቸው የሚቀየሩ ላፕቶፖች ግን 8 ወይም 10 ዓመት ሊያገለግሉ ይችላሉ። ላፕቶፕ በብዙ ክፍሎች የተገነባ መሣሪያ ሲሆን ክፍሎቹ እኩል አያረጁም። ስለዚህ «አለቀለት» ከመባሉ በፊት የደከመው የትኛው ክፍል እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ባትሪ ወይም ዲስክ ብቻ በመቀየር ዕድሜው በዓመታት የሚራዘም ላፕቶፕ ብዙ ነው።

የተለመደው ግምት

ከ3 እስከ 5 ዓመት የሚለው ግምት ከድርጅቶች አሠራር ጋር የተያያዘ ነው። ብዙ ድርጅቶች የአምራቹ ዋስትና ሲያበቃ ላፕቶፖቻቸውን ይቀይራሉ። የአሜሪካ የግብር ሕግም ኮምፒውተርን ዋጋው በ5 ዓመት ከሚቀነስ ንብረት ይመድበዋል። እነዚህ የሒሳብ አሠራሮች ናቸው፤ መሣሪያው በዚያ ጊዜ መሥራት ያቆማል ማለት አይደለም።

የብልሽትን መጠን በተመለከተ በብዛት የሚጠቀሰው ስኩዌርትሬድ የተባለው የአሜሪካ የዋስትና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ጥናት ነው። ድርጅቱ ዋስትና የሰጣቸውን ወደ 30,000 የሚጠጉ ላፕቶፖች መርምሮ 31 በመቶው በ3 ዓመት ውስጥ እንደሚበላሹ ገምቷል። ከዚህ ውስጥ 20 በመቶ ያህሉ የመሣሪያው የራሱ ብልሽት ሲሆን ወደ 11 በመቶ የሚጠጋው ደግሞ እንደ መውደቅና ፈሳሽ መፍሰስ ያለ አደጋ ነው። ከሦስት ብልሽቶች አንዱ ያህል የመጣው ከአያያዝ ነበር ማለት ነው።

የክፍሎች ዕድሜ

ባትሪ፦ ቀድሞ የሚያረጀው አብዛኛውን ጊዜ ባትሪ ነው። የዛሬ ላፕቶፖች የሚጠቀሙት የሊቲየም-አዮን ባትሪ ሲሆን ይህን ዓይነት ባትሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ሶኒ ነው። ዕድሜው በቻርጅ ዙር ይለካል። አንድ ዙር የባትሪው ሙሉ አቅም አንድ ጊዜ ጥቅም ላይ ሲውል ነው፤ ዛሬ ግማሹን፣ ነገም ግማሹን የተጠቀመ ሰው አንድ ዙር ጨርሷል። ብዙ ባትሪዎች ከ300 እስከ 500 ዙር በኋላ አቅማቸው ወደ 80 በመቶ አካባቢ ይወርዳል፤ 1,000 ዙር እንዲቆዩ ተደርገው የተሠሩም አሉ። ባትሪ ባይሠራበትም ያረጃል፤ በተለይ ሙሉ ቻርጅ እንደሆነ ሙቀት ባለበት ቦታ ከተቀመጠ ቶሎ ይደክማል። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል መጠቀም ማቆም እንጂ መጫን ወይም መብሳት አይገባም።

ዲስክ፦ ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን ስላለው እየሠራ ሳለ መውደቅና መንቀጥቀጥ ይጎዳዋል። ኤስኤስዲ ተንቀሳቃሽ አካል የለውም፤ በምትኩ ሊጻፍበት የሚችለው የመረጃ መጠን የተወሰነ ነው። ገደቡ ግን ሰፊ ነው። አምራቹ 300 ቴራባይት እንዲጻፍበት ዋስትና በሰጠው 500 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ላይ በየቀኑ 20 ጊጋባይት ቢጻፍ፣ ገደቡ ላይ ለመድረስ 41 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ሆኖም ኤስኤስዲ በሌላ ምክንያት፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሊበላሽ ይችላል።

ማቀዝቀዣ፦ ፋኑና የአየር መውጫው በአቧራ ሲደፈኑ፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባትም ሲደርቅ ሙቀት ይጨምራል። ፕሮሰሰሩ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ተጠቃሚው «አርጅቶ ዘገመ» የሚለው ላፕቶፕ አንዳንዴ መጽዳት ብቻ የሚያስፈልገው ነው።

ማዘርቦርድ፦ በተገቢው ሙቀት ከሠራ ረጅም ዕድሜ አለው። ዋና ጠላቶቹ ሙቀት፣ ፈሳሽና የኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅ ናቸው። ጥገናው ውድና ልምድ የሚጠይቅ በመሆኑ ብዙ ላፕቶፖች የሚጣሉት ይህ ክፍል ሲበላሽ ነው።

ማጠፊያ፣ ኪቦርድና ቻርጀር መሰኪያ፦ እነዚህ በመነካካት ብዛት ያልቃሉ። የላላ ወይም የጠነከረ ማጠፊያ በጊዜው ካልተስተካከለ ሽፋኑንና የስክሪኑን ገመድ ሊሰብር ይችላል።

የሶፍትዌር ድጋፍ

ምንም ያልተበላሸ ላፕቶፕም በሶፍትዌር ምክንያት ከአገልግሎት ሊወጣ ይችላል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 ላወጣው ዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ክፍል የሚጠይቅ ሲሆን ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ 8ኛውን ትውልድና ከዚያ በኋላ የመጡትን ነው። የደህንነት ማሻሻያ የማያገኝ ኮምፒውተር መሥራቱን አያቆምም፤ ነገር ግን ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ ለጥቃት ይበልጥ ይጋለጣል። እንደ ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት ያሉ ነፃ ሥርዓቶችን በመጫን እንዲህ ያለውን ላፕቶፕ ለጽሑፍ፣ ለንባብና ለኢንተርኔት መጠቀም ይቻላል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ከውጭ የሚገቡ ያገለገሉ ላፕቶፖች በስፋት ይሸጣሉ። የእነዚህ ዕድሜ የሚቆጠረው ከተሠሩበት ዓመት ነው። በኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮች የሞዴሉ ቁጥር ለዚህ ፍንጭ ይሰጣል፤ ባለ አራት አኃዝ ሆኖ በ1 የማይጀምር ከሆነ የመጀመሪያው አኃዝ ትውልዱን ያመለክታል። ለምሳሌ አይ5-6300ዩ የ6ኛው ትውልድ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ነው፤ አይ5-8250ዩ የ8ኛው ትውልድ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥቷል። በመልክ አዲስ የሚመስሉ ሁለት ላፕቶፖች በዚህ ልዩነት ብቻ አንዱ ዊንዶውስ 11ን ሲቀበል ሌላው ላይቀበል ይችላል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚፈጠረው የኃይል መዋዠቅ ቻርጀርንና ማዘርቦርድን ሊጎዳ ስለሚችል ስታቢላይዘር መጠቀም፣ መብራት ሲጠፋም ቻርጀሩን ከሶኬት መንቀል ይመከራል። እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች አየሩ ስስ በመሆኑ ፋን ሙቀት የማስወጣት አቅሙ በመጠኑ ይቀንሳል። ሞቃታማ በሆኑት ቆላማ አካባቢዎች ደግሞ የአየሩ ሙቀት ብዙ አምራቾች ለሥራ ከሚያስቀምጡት 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ወሰን ሊያልፍ ይችላል። በሁለቱም ሁኔታ የአየር መውጫን ከአቧራ ማጽዳት፣ ላፕቶፕን በአልጋ ልብስ ላይ አስቀምጦ አለመጠቀምም ይጠቅማል።

መጠገን ወይስ መተካት

ውሳኔው በተበላሸው ክፍልና በጥገናው ዋጋ ይወሰናል። የተለመደው መለኪያ የጥገናው ዋጋ ተመሳሳይ አቅም ያለው ላፕቶፕ ከሚሸጥበት ዋጋ ግማሽ ካለፈ መተካት ይሻላል የሚለው ነው። ባትሪ፣ ኪቦርድ፣ ፋንና ዲስክ በአብዛኛው ከዚህ በታች ይገኛሉ፤ ማዘርቦርድ ግን ብዙ ጊዜ ያልፋል። በሃርድ ዲስክ የሚሠራ አሮጌ ላፕቶፕ ወደ ኤስኤስዲ ሲቀየር የፍጥነቱ ለውጥ በግልጽ ይታያል። በአንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ግን ራምና ዲስክ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየዱ ስለሆኑ መቀየር አይቻልም፤ ይህም ከመግዛት በፊት መጣራት ያለበት ነው።

ሁኔታውን በቁጥር ማወቅም ይቻላል። ዊንዶውስ በሚያወጣው የባትሪ ሪፖርት ላይ ባትሪው ሲሠራ የነበረው አቅም 48,000 ሚሊዋት-ሰዓት፣ አሁን ሲሞላ የሚይዘው 24,000 ከሆነ ግማሽ አቅሙ ቀርቷል ማለት ነው። ዲስኮችም ስማርት የተባለ ራስን የመመርመሪያ ሥርዓት ስላላቸው የተበላሹ ቦታዎች መብዛታቸውን ሊጠቁሙ ይችላሉ። ሥርዓቱ ሁሉንም ብልሽት አስቀድሞ ስለማያሳይ የመመረቂያ ጽሑፍን የመሰለ የማይተካ ሥራ ቢያንስ አንድ ቅጂው በሌላ ዲስክ ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ መቀመጥ አለበት። በአንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ያለ ሥራ ከዲስኩ ጋር ሊጠፋ ይችላል።

ሕግና አካባቢ

ላፕቶፕ በዕድሜው ከሚያስከትለው የካርቦን ልቀት አብዛኛው የሚፈጠረው ሲመረት ነው። በዚህም ምክንያት አንድን ላፕቶፕ ረዘም ላለ ጊዜ መጠቀም ጉዳቱን ይቀንሳል። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ድጋፍ የወጣ ሪፖርት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተፈጥሯል፤ በአግባቡ መሰብሰቡ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። ፈረንሳይ ከጥር 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ላፕቶፕን ጨምሮ የተወሰኑ ዕቃዎች ምን ያህል ለጥገና እንደሚመቹ የሚያሳይ ነጥብ ይዘው እንዲሸጡ አድርጋለች። በአውሮፓ ኅብረት የባትሪ ደንብ መሠረት ደግሞ ከየካቲት 2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተንቀሳቃሽ መሣሪያዎች ውስጥ ያሉ ባትሪዎችን፣ ከተወሰኑ በስተቀር፣ ተጠቃሚው ራሱ አውጥቶ መቀየር መቻል አለበት።