የባቡር ትኬት ዋጋ ያጣራው መምህር

እስቲ አንድ ጥያቄ እናንሳ። ሰው ሊገደል በባቡር ሲጫን የትኬቱን ሂሳብ ማን ይከፍላል? የእብድ ጥያቄ ይመስላል አይደል? ራውል ሂልበርግ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲጠይቅ የኖረው እንዲህ ያለውን ነው።

ሂልበርግ እ.ኤ.አ. በ1926 ቪየና ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲጠቀልሉ እነ ራውል ከቤታቸው ተባረሩ። በቀጣዩ ዓመት በፈረንሳይና በኩባ በኩል አሜሪካ ገቡ። አውሮፓ ከቀሩት ዘመዶቹ 26ቱ ተገደሉ። ልጁ አድጎ፣ የአሜሪካ ወታደር ሆኖ ጀርመን ሲደርስ፣ ሙኒክ ውስጥ በሳጥን የታሸጉ የሂትለር መጻሕፍት አጋጠሙት። ገዳዮቹ ብዙ ወረቀት ትተው ሄደዋል!

ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ “ስለ አይሁዶች ጭፍጨፋ ልጻፍ” ሲል፣ አማካሪው ፍራንዝ ኖይማን ፈቀደለት። ግን መቃብሩን ራሱ እየቆፈረ እንደሆነም ነገረው። ያኔ ርዕሱን የሚፈልገው አልነበረምና። በ1955 ዶክተር ሆነ፤ በ1956 ቬርሞንት ዩኒቨርሲቲ ተቀጠረ። መጽሐፉንስ ማን ያትመው? ኢየሩሳሌም ያለው ያድ ቫሼም እምቢ አለ። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ማተሚያም እንዲሁ። በመጨረሻ በ1961 ቺካጎ ያለ አንድ ትንሽ አሳታሚ አወጣው።

ወረቀቶቹ ምን ይላሉ? የጀርመን ምድር ባቡር አይሁዶችን ወደ ሞት ካምፕ ሲያጓጉዝ እንደ ተራ መንገደኛ ያስከፍል ነበር። ከ10 ዓመት በታች በግማሽ ዋጋ፣ ከ4 ዓመት በታች በነፃ። ከ400 ሰው በላይ ከሆኑ የቡድን ቅናሽ አለ። ትኬቱ የመሄጃ ብቻ ነው፤ ለጠባቂዎቹ ግን ደርሶ መልስ ይቆረጣል። ገንዘቡም ከራሳቸው ከአይሁዶቹ በተወረሰ ንብረት ይሸፈን ነበር።

ይህን ስናነብ ዝም አልን። ሂልበርግ ያሳየን የአንድ እብድ ሥራ ብቻ አይደለም። ትኬት ቆራጩ፣ ሂሳብ ሹሙ፣ ፊርማ አሳራፊው ሁሉ “የድርሻውን” ሠርቶ ማታ ቤቱ ይገባ ነበር።

ነቀፌታም አላጣውም። የገዳዮችን ወረቀት አምኖ የሟቾችን ድምፅ ዘነጋ፣ የአይሁዶችንም ትግል አሳነሰ ያሉት ብዙዎች ናቸው። እኛም በዚህ ነጥብ ተቺዎቹ እውነት ያላቸው ይመስለናል። እሱ ግን ጡረታ እስከወጣበት እስከ 1991 ድረስ ያችኑ ቬርሞንት አልለቀቀም። በኋላ ተማሪዎቹ ይህንኑ ታሪክ በክፍል ውስጥ ከአፉ ሰምተዋል። በ2007 አረፈ።

አበው “በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ይላሉ። ግን የተጻፈም ቢሆን የሚያነበው ካልተገኘ ማን ይወርሰዋል? እኛ ጋዜጠኝነት ተምረን የወጣን ልጆች ትልቅ ቃል እንወዳለን፤ “አሰቃቂ”፣ “ዘግናኝ” ብለን እንጮሃለን። ሂልበርግ ደረሰኙን ዘርግቶ አሳየ። ከኛ ጩኸት ይልቅ የዚያ ሕፃን ነፃ ትኬት እንቅልፍ ይነሳል።