የብር ጉትቻና የቤት አንጥረኛው

የአገራችንን የብር ጌጥ ታሪክ ለመመርመር የሚነሣ ሰው፣ ከነገሥታት ግምጃ ቤትና ከአድባራት ዕቃ ቤት አስቀድሞ ጣራዋ በጢስ ወደ ጠቆረችው ወደ አንጥረኛው ጎጆ ቢያመራ ወደ ምንጩ ይቀርባል፤ እናቶቻችንና አያቶቻችን ለዓመት በዓልና ለሠርግ ያጌጡበት ጉትቻና ሎቲ፣ ድሪና አልቦ የተሠራው ባልየው መስፉን በተከለበት፣ ልጁ ወናፉን በሚያናፋበት፣ ሚስቲቱም በአጠገባቸው ወጥ በምትሠራበት በዚያው ቤት ነውና።

ይህን ሥራ ከሌላው ዕደ ጥበብ ሁሉ የሚለየው ጥሬ ዕቃው ራሱ ገንዘብ መሆኑ ነው። ብሩ ከአገር ውስጥ ተቆፍሮ የሚወጣ ሳይሆን በንግድ የሚገባ ነበረ፤ እ.ኤ.አ. ከ1741 ጀምሮ በኦስትሪያይቱ ገዢ በማሪያ ቴሬዛ መልክ የተመታውና፣ እርስዋ በ1780 ካረፈች በኋላም ያንኑ የሞቷን ዓመት እንደ ያዘ ሲመታ የኖረው፣ በእኛ ዘንድ ጠገራ ብር የተባለው ገንዘብ ከቀይ ባሕር ወደቦች በሲራራ ነጋዴ እጅ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። የአንዱ ክብደት 28 ግራም ከጥቂት ሲሆን፣ ከ1,000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። የወርቅ መመዘኛው ወቄትም ከዚህ ገንዘብ ክብደት ጋር የተካከለ ስለ ነበረ፣ ጠገራው በአንድ ጊዜ መገበያያም፣ መመዘኛም፣ የጌጥ ጥሬ ዕቃም ሆኖ አገልግሏል። በ1887 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ መልክና በአንበሳ ምስል የተመታው ብር በወጣ ጊዜ እንኳ ባላገሩ የለመደውን ጠገራ ለመተው አልቸኮለም።

የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እስኪከፈት ድረስ፣ ከዚያም በኋላ ባንክ በማይደርስበት ገጠር ለብዙ ዘመን፣ ገበሬው ከእህሉ፣ ነጋዴው ከጨውና ከቡናው ያተረፈውን ብር ከፊሉን በማሰሮ ከቶ ይቀብር፣ ከፊሉንም በሚስቱና በሴት ልጁ ላይ ጌጥ አድርጎ ያኖር ነበር። ጌጥ የምታሠራው ወይዘሮ ብሩን ቆጥራና አስመዝና ለአንጥረኛው ትሰጣለች፤ ሥራው ሲፈጸምም በዚያው ሚዛን ትረከባለች። ችግር ሲመጣ ጉትቻው ይሸጣል፤ ልጅ ስትዳር ደግሞ የእናቲቱ አልቦ ቀልጦ ለልጂቱ ጉትቻ ይሆናል። ወርቅ በሕግና በልማድ ለንጉሣውያንና ለመኳንንት ተለይቶ በቆየበት ዘመን፣ የተራው ሰው ማዕረግና ተስፋ በዚህ ነጭ ማዕድን ላይ ያረፈ ነበረ።

አሠራሩን በቅርብ ላየው ሰው ትዕግሥቱ ያስደንቃል። ብሩ በሸክላ ማቅለጫ ሆኖ፣ የፍየል ሌጦ ወናፍ በሚያነደው የከሰል ፍም ላይ ይቀልጥና ወደ ቀጭን ዘንግ ይፈሳል፤ ዘንጉ በመዶሻ ከተመታ በኋላ፣ እያነሱ የሚሄዱ ቀዳዳዎች ባሉት የብረት ሰሌዳ ውስጥ በጉጠት እየተሳበ ወደ ክርነት ይለወጣል፤ ሲሳብም ስለሚደድር፣ እንዳይበጠስ ደጋግሞ በእሳት ማለዘብ ያስፈልጋል። ከዚያ አንጥረኛው ክሩን በመቀስ ይከታትፍና ቁርጥራጩን በደቀቀ ከሰል ላይ ነስንሶ ያግለዋል። እዚህ ላይ ያለ መዶሻና ያለ ቅርጽ ማውጫ፣ እያንዳንዷ ቁራጭ ስትቀልጥ ራስዋን ሰብስባ የጤፍ ፍሬ የምታህል ድቡልቡል ብር ትሆናለች። እነዚህን ፍሬዎች በወረንጦ እያነሣ በጉትቻው ጉልላት ዙሪያ ይደረድራቸዋል፤ በሞረድ የተፋቀውን የመበየጃ ብናኝ ከቦራክስ ጋር ይነሰንስባቸዋል፤ በአፉ በሚነፋው ቱቦም ነበልባሉን ወደ ጌጡ ይመራዋል። እሳቱ ከልኩ ጥቂት ያነሰ እንደ ሆነ ፍሬዎቹ ይረግፋሉ፤ ጥቂት ያለፈ እንደ ሆነ ግን የብዙ ቀን ድካም ቀልጦ ወደ ድብልብል ብር ይመለሳል። ይህን ልክ የሚያውቀው ዓይን ብቻ ነው፤ ዓይኑም የሚሠለጥነው ከልጅነት ጀምሮ በአባት አጠገብ በመቀመጥ ነው።

የቀድሞው የብር ጉትቻችን የከበረ ድንጋይ እምብዛም አልነበረበትም፤ አምበርና የባሕር ዛጎል፣ የብርጭቆ ዶቃም ቢሆን በአንገት ጌጥ ላይ ይሰካ ነበር እንጂ በጉትቻ ውስጥ ሲቀመጥ አይታይም። ይህ ጉድለት ሆኖ አይሰማኝም። አንጥረኛው በዕንቁ ፈንታ ብርሃንን የሚቀበሉ ብዙ የብር ፍሬዎችን አኑሮ ከአንድ ማዕድን ብቻ ጥላና ብርሃን ማውጣት ችሏልና፣ ሥራው ለእኔ ከብዙ ባለ ዕንቁ ጌጥ ይልቃል።

ባስልኤል በወርቅና በብር ይሠራ ዘንድ፣ የዕንቁ ድንጋይም ይቀርጽ ዘንድ መንፈሰ እግዚአብሔር እንደ መላበት በኦሪት ዘጸአት ተጽፏል፤ ይህም ቃል በቤተ ክርስቲያናችን ሲነበብ ኖሯል። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ያከበረውን ሙያ መንደሩ አላከበረውም። በእሳት የሚሠራውን ሰው ጠይብና ቡዳ እያሉ ማራቅ፣ ጋብቻውንም መጸየፍ ጽኑ ልማድ ነበረ፤ ብር ሠሪው ከብረት ቀጥቃጩ ጥቂት የተሻለ ክብር ቢኖረውም ከነቀፌታ ፈጽሞ አልዳነም። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን ስለ ሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው፣ በሽታው ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ያስረዳል። ለምኒልክ ቤተ መንግሥት የሠራው አርመናዊው ወርቅ ሠሪ የዲክራን ኤቤያን ስም ተጽፎ ሲገኝ፣ የሺህ እናቶችን ጆሮ ያስጌጡት የመንደር አንጥረኞቻችን ስም ግን በመዝገብ እምብዛም አልሰፈረም፤ ይህን ሳስብ እጅግ አዝናለሁ።

ሥራቸውም ቢሆን ብዙው የለም። እያንዳንዱ ትውልድ የቀደመውን ጌጥ አቅልጦ የራሱን ስላሠራ፣ አዲሱ ጉትቻ የተወለደው አሮጌው በመጥፋቱ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዝ ጦር ከዘረፈው መካከል የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ የብር ጌጣጌጥ ይገኝበታል፤ ዛሬም በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ተቀምጧል። በግፍ የተወሰደው ጌጥ ሳይቀልጥ መልኩንና ዘመኑን ይዞ ሲገኝ፣ በእጃችን የቀረው ግን ዘመኑ የማይታወቅ መሆኑ ልብን የሚነካ ነገር ነው፤ የእቴጌይቱ ጌጥ ወደ አገሩ ሊመለስ ይገባዋል።

በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በወረቀትና በሳንቲም ወጥቶ ጠገራው ከመገበያያነት ሲሰናበት፣ የአንጥረኛው ጥሬ ዕቃ ምንጭ ደረቀ፤ የቀረውም እየተለቀመ ቀለጠ። የከተማ ሴቶች ወደ ወርቅ ዞሩ፤ በአዲስ አበባ በፒያሳ የተከፈቱት ወርቅ ቤቶችም የሙያውን እጅ ከጎጆ ወደ ሱቅ ሳቡት። ነገር ግን ሥራው አልሞተም። በ1980ዎቹ በሸዋ በመዘዞ፣ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በወሎ ደላንታ በወገል ጤና አካባቢ ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ ተገኘ፤ ከዚህ በኋላ በየቤታቸው ብር የሚሠሩ ወጣቶች ድንጋዩን በጉትቻ ላይ ማኖር ጀመሩ። የደላንታው ኦፓል ውሃ ይጠጣል፤ ሲጠጣም ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ሲደርቅ ይመለሳል፤ ድንገተኛ እሳት ቢነካው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ማቀፊያው በቅድሚያ ተበይዶና ተወልውሎ ካለቀ በኋላ፣ ድንጋዩ በመጨረሻ ያለ እሳት ይቀመጥና የብሩ ጠርዝ በዙሪያው ይታጠፍበታል። እሳትን በዓይኑ መለካት ለለመደው አንጥረኛ ይህ አዲስ ትምህርት ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ የአያትህ ጉትቻ ወይም አልቦ ቢኖር፣ በሚዛን ለሚገዛው ሰው ከመስጠትህ በፊት ሥዕሉን በፎቶግራፍ አንሣ፤ ክብደቱን መዝን፤ የሠራውን ሰው ስምና መንደሩን ከሚያውቁ ሽማግሌዎች ጠይቀህ ጻፍና ወረቀቱን ከጌጡ ጋር አኑር። እናንተም ዛሬ በየቤታችሁ ብር የምትሠሩ ወጣቶች፣ ስማችሁንና ዓመተ ምሕረቱን በጉትቻው ጀርባ ቅረጹ።