ትልቁ አረርና ትንሹ አረር፤ የዝሆን አዳኞች ጥይት ታሪክ

በአገራችን ስለ ጠመንጃ ሳይሰማ ያደገ ልጅ ጥቂት ነው። ውጅግራና ምንሽር የሚሉትን ስሞች በፉከራም በጨዋታም ሰምተናቸዋል፤ ዝሆን ገዳይ፤ አንበሳ ገዳይ ተብለው ስለ ተሞገሱ ሰዎችም ሽማግሌዎች ሲያወሩ አዳምጠናል። በወሬው ውስጥ ግን ሁልጊዜ የሚነሣው የገዳዩ ጀግንነት ነው፤ የተኮሰውን ጥይት የሚያነሣው የለም። እኛ በዚህ ጽሑፍ ጥይቱን ልናነሣ አስበናል። ዝሆንን፤ አውራሪስን፤ ጎሽንና አንበሳን ለመግደል የሚመረጠው ጥይት ባለፉት መቶ ሃምሳ ዓመታት ውስጥ እየደጋገመ ተለውጧል፤ ለውጡም ብዙ ሰው እንደሚያስበው ከደካማ ወደ ብርቱ በቀጥታ የተጓዘ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ የለወጠው የኬሚስትሪ ሊቅ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ መንግሥት ነው፤ አንዳንድ ጊዜም የገበያ ዋጋ ነው። አዳኙ ራሱ የለወጠው ጊዜም አለ፤ ይህ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደም ከፈሰሰ በኋላ ነበር። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈነዋል።

ታሪኩን ከጠረፋችን ብንጀምር ይሻላል። ሳሙኤል ቤከር የተባለው እንግሊዛዊ በ1861ና በ1862 ዓ.ም. የዓባይን ገባሮች ሲመረምር፤ ተከዜ ሰቲት በሚባልበት በቆላው አገር ሐምራን ከሚባሉ ዐረቦች ጋር ሰንብቶ ነበር። ሐምራኖች ዝሆን የሚያድኑት በሰይፍ ነው። አንዱ ፈረሰኛ ከዝሆኑ ፊት ፊት እየጋለበ አውሬውን ያስከትለዋል፤ ሌላው ከኋላ ደርሶ ከሚሮጠው ፈረስ ላይ ይወርድና በሁለት እጁ በያዘው ሰይፍ የዝሆኑን ቋንጃ ይቈርጣል። ዝሆን በሦስት እግሩ መሮጥ ስለማይችል ነገሩ በዚያው ያበቃል። ቤከር በአድናቆት ተመለከታቸው። እርሱ የያዘው ግን ግማሽ ፓውንድ፤ ማለትም 227 ግራም ያህል የሚመዝን ፈንጂ አረር የሚተፋ ጠመንጃ ነበር። ባለቤቱ «ሕፃን» ብሎ ሲጠራው ዐረቦቹ «የመድፍ ልጅ» አሉት፤ የዐረቦቹ ስም የተሻለ ይመስለናል። ርግጫው ተኳሹን እስከ ማዞር ይደርስ ስለ ነበረ ቤከር ራሱ ይፈራው ነበር፤ ብዙም አልተኰሰበትም።

እንዲህ ያለ ግዙፍ አረር ለምን አስፈለገ? መልሱ ያለው ባሩዱ ላይ ነው። ጥቁር ባሩድ ምንም ያህል ቢጨመር አረሩን ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ሊያስሮጠው አይችልም። የዚያ ጊዜ አረርም ልስልስ እርሳስ ስለ ነበረ ጠንካራ አጥንት ሲያገኝ ይደፈጠጣል። እንግዲህ ፍጥነት መጨመር ካልተቻለ የሚጨመረው ክብደት ብቻ ነው። ትልልቆቹ ጠመንጃዎች ይጠሩ የነበረው ከአንድ ፓውንድ እርሳስ በሚወጡት ድብልብል አረሮች ቍጥር ነበር። ባለ 8 የሚባለው ስምንት አረር የሚወጣለት፤ ባለ 4 የሚባለው ደግሞ አራት ብቻ የሚወጣለት ነው፤ ስለዚህ ቍጥሩ ባነሰ መጠን ጠመንጃው ይተልቃል። የባለ 4 አረር 113 ግራም ይመዝናል፤ ውፍረቱም ወደ 27 ሚሊ ሜትር ይጠጋል።

በዚህ ዓይነት ጠመንጃ ስሙ የታወቀው ፍሬደሪክ ሴሉስ ነው። በ1871 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ሲደርስ ዕድሜው 19 ዓመት ነበር፤ ከእኛ የሚበልጠው በአንድ ዓመት ብቻ ነው ማለት ነው። ርካሽ የሆኑ ባለ 4 አፈ ሙዝ ጐራሽ ጠመንጃዎች ገዝቶ፤ ባሩዱን ከከረጢት በእፍኙ እየዘገነ ያጐርሳቸው ነበር። ፈረስን በገንዲ የሚፈጀው የቆላ ዝንብ በበዛበት አገር በእግሩ እየሄደ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ በእነዚህ ጠመንጃዎች 78 ዝሆኖች ገደለ። አንድ ቀን ግን ጠመንጃው ከሸፈበትና ለተሸካሚው ሰጠው። ተሸካሚውም የመጀመሪያው ባሩድ ሳይወጣ ሌላ ደርቦ አጐረሰበት። ሴሉስ ሳያውቅ ሲተኩስ ጠመንጃው ከመሬት አንሥቶ ወረወረው፤ ሰደፉም ተሰባበረ። በኋለኛው ዘመኑ የእነዚህ ጠመንጃዎች ርግጫ ነርቩን ጐድቶ አነጣጠሩን እንዳበላሸበት በጸጸት ጽፏል። ዝሆኑን ለመጣል የተሠራው ጥይት ተኳሹንም ቀስ በቀስ ይጥለው ነበር ማለት ነው።

በዚሁ ጊዜ ወደ አገራችን በብዛት የገባው ፈረንሳዮች በ1874 ዓ.ም. የሠሩት የግራ ጠመንጃ ነው። ፉዚ ግራ የሚለው የፈረንሳይኛ ስም በአማርኛ ውጅግራ ሆነ። አረሩ 25 ግራም ሲሆን፤ አፈ ሙዙ 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፍጥነቱም በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል ነበር። ለጦር ሜዳ እንጂ ለዝሆን የተሠራ አይደለም። ሆኖም ወደ ደቡብ ምዕራብ ቆላ የዝሆን ጥርስ ፍለጋ ይወርዱ የነበሩ ሰዎች የያዙት ይህንኑ ነበር፤ ከውጭ አገር የመጣው አዳኝ በሦስትና በአራት ዓይነት ጠመንጃ ሲመርጥ እነርሱ የሚመርጡት አልነበራቸውም። እንዲህ ባለ ጥይት ዝሆንን የሚያህል አውሬ ለመግደል እጅግ ጠጋ ማለት ግድ ይሆናል። ዝሆን ገዳይ ያን ያህል መከበሩ ያለ ምክንያት እንዳልነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከአደን ሜዳ ሳይሆን ከላቦራቶሪ ነው። ፖል ቪዬይ የተባለው ፈረንሳዊ በ1884 ዓ.ም. ጭስ የሌለውን ባሩድ ሠራ፤ በ1886 ዓ.ም. የፈረንሳይ ጦር በዚሁ ባሩድ የሚሠራውን የለበል ጠመንጃ ያዘ፤ እንግሊዞችም በ1889 ዓ.ም. ኮርዳይት የሚባለውን ባሩዳቸውን አወጡ። ጭሱ መቅረቱ ለአዳኝ ቀላል ነገር አልነበረም። በጥቁር ባሩድ የተኰሰ ሰው ወዲያው በራሱ ጭስ ይጋረዳል፤ ዝሆኑ ይውደቅ፤ ይሽሽ ወይም ወደ እርሱ ይምጣ ማየት አይችልም። ነፋስ በሌለበት ጥሻ ውስጥ ደግሞ ጭሱ ቶሎ አይበተንም። በአዲሱ ባሩድ ግን ሁለተኛውን ጥይት እያየ መተኰስ ተቻለ።

ከዚህም በላይ ፍጥነቱ ጨመረ። የለንደኑ ጠመንጃ ሠሪ ጆን ሪግቢ በ1898 ዓ.ም. 450 ኒትሮ ኤክስፕረስ የተባለውን ጥይት አወጣ፤ 450 ማለት የአፈ ሙዙ ስፋት በኢንች ሲለካ ከሺህ 450 እጅ ነው ማለት ነው። አረሩ 31 ግራም ብቻ ሆኖ በሴኮንድ 655 ሜትር ይሮጣል፤ ለዝሆን የሚሆነውም እንዳይደፈጠጥ በጠንካራ ብረት ቅርፊት የተለበጠ ነበር።

እዚህ ላይ በፊዚክስ የተማርነውን ልንሞክር ወደድን። የባለ 4 ድብልብል አረር በሴኮንድ 400 ሜትር ገደማ ቢሮጥ 9,000 ጁል ያህል ኃይል አለው፤ የ450 ግን 6,700 ጁል ያህል ነው። እንግዲህ በጠቅላላው ቢታይ አሮጌው ይበልጣል። ነገር ግን ኃይሉን አረሩ ለሚያርፍበት ስፋት ብናካፍለው ነገሩ ይገለበጣል። የባለ 4 አረር በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ 16 ጁል ያህል ሲያሳርፍ፤ ውጅግራ 25 ያህል፤ 450 ደግሞ 63 ያህል ያሳርፋል። ትልቁ አረር ይገፋል፤ ትንሹ ይሰረስራል። የዝሆን አንጎል የሚገኘው እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በበዛበት ወፍራም አጥንት ውስጥ ስለ ሆነ፤ አዳኙ የሚፈልገው የሚሰረስረውን ነው። (የፊዚክስ መምህራችን ስሌታችንን ቢመረምሩልን ደስ ይለናል።)

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ ከዝሆንም ከባሩድም ጋር ግንኙነት አልነበረውም። የእንግሊዝ መንግሥት በ1907 ዓ.ም. የ450 ጥይት ወደ ሕንድና ወደ ሱዳን እንዳይገባ ከለከለ። ምክንያቱም በዚያ የሚያምፁ ሰዎች በእጃቸው የያዙት ማርቲኒ ሄንሪ የተባለው ያረጀ የወታደር ጠመንጃ ስፋቱ 450 ስለ ነበረ፤ የአዳኞቹ ጥይት ለአመፀኞቹ እንዳይደርስ ተፈርቶ ነው። ጠመንጃ ሠሪዎቹም ገበያቸው እንዳይዘጋ ብለው ስፋቱን ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ 465፤ 470፤ 475፤ 476 እያሉ አወጡ። ጎሹም ዝሆኑም ልዩነቱን የሚያውቁት አይመስለንም። ይሁን እንጂ 470 እስከ ዛሬ ድረስ በባለ ሁለት አፈ ሙዝ ጠመንጃዎች ዘንድ ከሁሉ የበለጠ የታወቀው ጥይት ነው፤ ሲሳዩም የመጣው ከዚህ ሕግ ነው።

ባለ ሁለት አፈ ሙዝ ጠመንጃ ውድ ስለ ነበረ፤ አቅሙ የማይፈቅድለት አዳኝ የጀርመኑን ባለ ካዝና የማውዘር ጠመንጃ ይዞ ሄደ። ለዚህም ጠመንጃ ሪግቢ በ1911 ዓ.ም. 416 የተባለውን፤ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ የተባለው ድርጅት ደግሞ በ1912 ዓ.ም. 375 የተባለውን አወጡ። የ375 አረር 19 ግራም ተኩል ያህል ነው። ከአንበሳ እስከ ዝሆን ለሁሉ ይሆናል ተብሎ ስለ ታመነበት በኋላ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ሕግ ለአደገኛ አውሬ ከዚህ ያነሰ ጥይት እንዳይተኰስ ተወስኗል።

ከዚህ ሁሉ መካከል ክርክር ያስነሣው ዎልተር ቤል የተባለው ስኮትላንዳዊ ነው፤ ካራሞጆ ቤል ተብሎም ይጠራል። በኡጋንዳ፤ በላዶና በሌላም ስፍራ፤ በምዕራብ ኢትዮጵያም በጊሎ ወንዝ አካባቢ አድኗል። በሕይወቱ ከገደላቸው 1,011 ዝሆኖች 800 ያህሉን የጣላቸው በ7 ሚሊ ሜትር የማውዘር ጥይት ነበር። ይህ ቦዌሮች ከ1899 እስከ 1902 ዓ.ም. ከእንግሊዞች ጋር የተዋጉበት የወታደር ጥይት ሲሆን፤ አረሩ 11 ግራም ብቻ ነው። ቤል የዝሆን ራስ ቅል ለሁለት አሰንጥቆ አንጎሉ ከየአቅጣጫው የት እንደሚገኝ አጥንቶ ነበር። ጠመንጃው ቀላል ስለ ሆነ አያደክመውም፤ ስለማይራገጥም ዓይኑን ሳይጨፍን ይተኩሳል፤ የጀርመኑ ጥይትም አይከሽፍበትም። በእኛው ስሌት ብንመለከተው ይህ ትንሽ አረር በሴኮንድ 700 ሜትር ሲሮጥ በካሬ ሚሊ ሜትር ላይ 67 ጁል ያህል ያሳርፋል፤ ከታላቁ 450 አያንስም ማለት ነው። ቤል የተናገረው እውነት ነበር።

ነገር ግን እውነቱ ለቤል ብቻ የሚሠራ እውነት ነበር። አየርላንዳዊው አዳኝ ጆን ቴይለር በ1948 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ጥይቶችን በሌላ መንገድ መዘናቸው፤ የአረሩን ክብደት፤ ፍጥነትና ውፍረት አባዝቶ ለ7,000 በማካፈል። በዚህ መለኪያ 470 ወደ 73 ሲደርስ የቤል ጥይት 16 ብቻ ነው። መለኪያው የሚናገረው አረሩ አንጎሉን ለጥቂት ሲስተው ዝሆኑ ምን ያህል ይደነዝዛል የሚለውን ነው። ቤል ብዙ ጊዜ አይስትም፤ የሚተኩሰውም በግልጽ ሜዳ ላይ ረጋ ብሎ ለቆመ ዝሆን ነበር። እርሱን አይቶ ትንሽ ጠመንጃ የያዘ ሌላ ሰው ግን በጥሻ ውስጥ፤ በዐሥር እርምጃ ላይ፤ እየሮጠ የሚመጣ አውሬ ሲገጥመው የሚሆነውን ማሰብ አያዳግትም። አዳኙ ቢተርፍም እንኳ ቆስሎ ያመለጠ ዝሆን ወይም ጎሽ ቂሙን የሚወጣው በተኰሰው ሰው ላይ ላይሆን ይችላል፤ በማግሥቱ ውሃ ልትቀዳ የወረደች ሴት ወይም ከብት የሚጠብቅ ልጅ ያገኘዋል። ሕጉ 375ን ዝቅተኛ ወሰን ያደረገው ለአማካዩ ተኳሽ እንጂ ለቤል አይደለም፤ በእኛ አስተያየት ትክክል ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዋጋ መሪ ሆነ። ሕንድ በ1947 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ የእንግሊዝ ጠመንጃ ሠሪዎች ትልቁን ገበያቸውን አጡ፤ ካይኖክ የተባለው ፋብሪካም በ1960ዎቹ ትልልቆቹን ጥይቶች መሥራት አቆመ። በዚህ መካከል የአሜሪካው ዊንቸስተር በ1956 ዓ.ም. 458 የተባለውን ጥይት አውጥቶ ነበር። የድሮውን የ450 ሥራ በርካሽ ጠመንጃ ለመሥራት ታስቦ ቀለሁ አጭር ተደረገ። ለካስ የእንግሊዞቹ ቀለህ ትልቅ የሆነው በከንቱ አልነበረም። ባሩድ በቆላ ፀሐይ ሲግል ግፊቱ ይጨምራል፤ ግፊቱ ሲበዛም ቀለሁ ጠመንጃው ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። ሰፊው ቀለህ የተሠራው ግፊቱን ዝቅ ለማድረግ ነው። በአጭሩ የ458 ቀለህ ግን ባሩዱ ተጠቅጥቆ ስለሚገባ አንዳንዱ ጥይት ከተባለው ፍጥነት በታች ይተኰስ ነበር። ጃክ ሎት የተባለው አሜሪካዊ በ1959 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ጎሽ ጐዳው፤ ከዚያም ረዘም ያለ ቀለህ ያለውን 458 ሎት በ1971 ዓ.ም. አወጣ። ተረስቶ የነበረውም 416 ተመልሶ ተፈለገ፤ የአሜሪካው ሬሚንግተን በ1988 ዓ.ም. የራሱን 416 አወጣ።

ኬንያ አደንን በ1977 ዓ.ም. ከልክላለች። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ዝሆን ጥርስ ንግድ በዓለም አቀፍ ስምምነት እንዲታገድ ተወሰነ። ጥይቶቹ ግን ከሥራ አልወጡም፤ በደቡብ አፍሪካ በክሩገር ብሔራዊ ፓርክ ጎብኚዎችን በእግር የሚመሩት ጠባቂዎች ዛሬም በትከሻቸው የሚያነግቱት 375 ወይም 458 ነው።